መጀመሪያ ሶፋው ይውጣ

«ሚኒማሊስትስ» በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት አሜሪካውያን፣ ጆሹዋ ፊልድስ ሚልበርን እና ራያን ኒኮዲመስ፣ አንድ የታወቀች ደንብ አለቻቸው። «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» ብለህ ያስቀመጥከውን ዕቃ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋ፣ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልሰህ መግዛት የምትችል ከሆነ አትጨነቅ፣ ጣለው። ደንቧ ቆንጆ ናት። አጭር ናት፣ ቁጥር አላት፣ ለቲክቶክ ትመቻለች። እኔም ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ቁጥር ያለው ደንብ ደስ ይለኛል። ግን ደንቧ ሳትናገር ይዛው የመጣችው ግምት አለ፦ ከቤትህ በር 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ሁሉ የሞላበት ሱቅ አለ፣ ዋጋውም የትናንቱ ነው።

እስቲ ከቱሉ ዲምቱ ሽሮ ሜዳ በ20 ደቂቃ ሂዱና አሳዩኝ።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ቤቱ የጋራ ንብረት ስለነበር በሕጉ ግማሹ የእናቴ ነው፣ የእሱ ግማሽ ደግሞ የእኛ የልጆቹ። አምስት ነን። አንዱ ብድር አለበት፣ አንዷ ቪዛ እየጠበቀች ነው፣ ቤት ደግሞ ለአምስት አይቆረጥም። ተሸጠ። ለእናቴ በድርሻዋ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተገዛላት፤ 38 ካሬ። 31 ዓመት የኖረችው ጓሮና በረንዳ ያለው ቤት ውስጥ ነበር። ይህን ክፍል በአጭሩ አልፈዋለሁ። ውርስ ያለፈበት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ደግሞ በጽሑፍ አይገባውም።

መጻፍ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነገር ነው፤ «ዕቃ እንቀንስ» ስለሚባለው። ምክንያቱም ይህ ነገር የእኛ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ከተማ እናቶች ከግቢ ወደ ፎቅ እየወጡ ነው፤ በውርስ፣ በፍቺ፣ በልማት፣ በዕጣ። በየቤቱ ደግሞ ስልክ የያዘ፣ ሦስት ካርቶን የደረደረ፣ «እማዬ ይሄ ምን ይሠራል?» የሚል ልጅ ቆሟል። የምከራከረው ከዚያ ልጅ ጋር ነው። ዕድሜው የእኔ ዕድሜ ነው፣ የሚያየው ቪዲዮም እኔ የማየው ቪዲዮ ነው።

እናቴ ባለ እጅ ናት። ጥልፍ ትጠልፋለች፣ ስፌት ትሰፋለች፣ ጥጥ ትፈትላለች። በአሮጌው ቤት ጓሮ ያለችው ሰርቪስ የእሷ ነበረች። ውስጧ የነበረውን ልዘርዝር፣ ክርክሩ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና።

ሰባት ማዳበሪያ። ሁለቱ ጥጥ ነው፤ አንዱ ፍሬው ገና ያልወጣለት፣ ሌላው የተዳመጠ። ሦስተኛው ልቃቂት፤ በፌስታል በፌስታል ተለይቶ፣ ቀጭኑ ለነጠላ፣ ወፈር ያለው ለጋቢ። አራተኛውና አምስተኛው ስንደዶና አክርማ። ስድስተኛው አለላ፣ ማለትም ቀለም የተነከረው አክርማ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነገር። ሰባተኛው የጨርቅ ቁርጥራጭ። ከዚያ አንድ የእንጨት ሳጥን፤ ውስጡ የጥልፍ ክር፣ ወርቀ ዘቦ፣ መርፌ በየቁጥሩ፣ ወስፌ። ከዚያ ደጋኑ፣ መዳመጫው ከነድንጋዩ፣ አራት እንዝርት፣ ያላለቁ ሦስት ሞሶቦች፣ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር። ሁሉንም በሜትር ለካሁት (ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሜትር የያዝኩት ለካ ለዚህ ኖሯል)። ሲንጀሩን ትተን አንድ ሜትር ተኩል ኩብ ገደማ መጣ። አንድ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ማለት ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አገኙለት፤ ኮተት።

ታናሽ እህቴ ማሪ ኮንዶን ታውቃለች፤ በኔትፍሊክስ አይታታለች። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ ዓለምን ያዳረሰች ሴት ናት። ዘዴዋ ዕቃን በክፍል ሳይሆን በዓይነት መሰብሰብ ነው፤ መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ ቀጥሎ ልዩ ልዩ፣ መጨረሻ ላይ ትዝታ ያለበት ነገር። እያንዳንዱን በእጅህ ይዘህ ደስታ ይሰጥህ እንደሆነ ትጠይቃለህ። ካልሰጠህ አመስግነህ ታሰናብተዋለህ። ሴትየዋን አልጠላትም፤ እንደውም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቤቷን እንደ ድሮው ማስተካከሉን እየተወችው መሆኑን ለዋሽንግተን ፖስት ስትናገር ወድጃታለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በእሷ አመዳደብ እናቴ 31 ዓመት ቤት ያቆመችበት ነገር ሁሉ የሚወድቀው «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው። ከቻርጀርና ከጃንጥላ ጋር።

ደግሞስ ወስፌ ደስታ ይሰጣል እንዴ? ወስፌ ጣት ይወጋል። መዳመጫ ትከሻ ይሰብራል። የሥራ ዕቃ የሚመዘነው በሚያወጣው ሥራ ነው። የአናጺን መዶሻ አንስታችሁ «ይሄ ልብህን ያሞቀዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ደህና መሆናችሁን ይጠይቃችኋል።

«እሺ፣ ደስታውን ተዪው። አንድ ዓመት ሙሉ ያልነካችው ግን ይውጣ» አለች እህቴ። ይህን ክርክር በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ የምሠራበት ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ካሽ የሚባል ነገር አለ፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለግ መረጃ የሚቀመጥበት ትንሽና ፈጣን ቦታ። ሲሞላ የሆነ ነገር መውጣት አለበት፤ በብዙ ሲስተም የሚወጣው ለረጅም ጊዜ ያልተነካው ነው። «ዓመት ካልነካኸው ጣለው» ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን ይህን ደንብ ያለ ፍርሃት የምንጽፈው ለአንድ ምክንያት ነው፦ ከካሽ የወጣው ነገር ዋናው ቅጂ ዲስክ ላይ አለ። ካስፈለገ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ይህንኑ ደንብ ዋናው ቅጂ ላይ ያስኬደ ሰው በማግሥቱ ሥራ ፈላጊ ነው። ለሎስ አንጀለስ ሰው ቤቱ ካሽ ነው፣ ከተማው ዲስክ። የጣለውን መቀስ ነገ ከሱቅ ያነሳዋል። የእናቴ ሰርቪስ ግን ራሷ ዲስክ ነበረች።

ስንደዶ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ያልያዘ ሰው ወይ ዓመት ይጠብቃል ወይ ነጋዴ ያለውን ይከፍላል። አለላ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ አይሆንም፤ ቀለሙ ያው፣ ውኃው ያው፣ ድስቱ ያው ሆኖ እንኳ የዘንድሮው ቀይ የአምናው ቀይ አይደለም። ስለዚህ ሞሶብ የጀመረች ሴት መጨረሻው ድረስ የሚበቃትን አንዴ ነክራ ታስቀምጣለች። ግማሹን ጣይው ማለት ሞሶቡን ጣይው ማለት ነው። ልቃቂቱ ደግሞ የስንት ወር ማታ ነው፤ የምትፈትለው ሬዲዮ እየሰማች፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ነበር። እሱን በምን 20 ደቂቃ ነው መልሼ የምገዛው?

የገንዘቡን ነገር ካነሳን፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ የጥልፍ ክርም ወርቀ ዘቦም አብሮት ተጓዘ። እናቴ የምትገዛው ረከስ ሲል ነው፤ ትይዛለች፣ ታስቀምጣለች። እህቴ «ይሄን ሁሉ ክር ምን ታደርግበታለሽ?» ስትላት ያየሁት ሳጥን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የእኔን የባንክ ደብተር ያስከነዳ ቁጠባ ነው። ይህን ያየ ሰው ለምን ኮተት ይለዋል?

ሁሉም መጀመሪያ ያነጣጠሩት ግን ሰባተኛው ማዳበሪያ ላይ ነበር፤ ቁርጥራጩ ላይ። እሱን እንኳ የሚከራከርለት ያለ አልመሰላቸውም። ሲፈታ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ትንሽ ክር ተጠምጥሟል። ከየደንበኛው ቀሚስ የተረፈ ጨርቅና የተጠለፈበት ክር ነው። ለሠርግ የተሠራ ቀሚስ ከስምንት ዓመት በኋላ ይመለሳል፤ ጎኑ ይለቀቅ፣ እጅጌው ይረዝም፣ ሻማ የነካው ጥልፍ ይጠገን ተብሎ። ያን ቀን ያው ጨርቅና ያው ክር ከሌለ ጥገናው ከሩቅ ያስታውቃል። እናቴ ቁራጭ አንስታ «ይሄ የእንትና የመልሷ ነው፤ አሁን ሁለት ወልዳለች» ትላለች። ፕሮግራም ማህደረ ትውስታውን ሲያጸዳ የሚጥለው ማንም የማይጠቁመውን ነገር ብቻ ነው። ቁራጮቹን የሚጠቁሙት ሰዎች በሙሉ እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ተመዝግበዋል። እህቴ ማዳበሪያውን እንጂ መዝገቡን አታይም። መዝገቡን ሳያነብ የሚያጸዳ ሰው ደግሞ የሚያደርገው ነገር ስሙ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሳሎን እንግባ።

የአዲሱ ቤት ሳሎን 14 ካሬ ነው። L ቅርጽ ያለው ሶፋ አለን፤ በአንድ ጎኑ 2 ሜትር ከ80፣ በሌላው 2 ሜትር ከ20፤ መሐሉ ላይ ጠረጴዛው ስለሚገባ ስድስት ካሬ ይበላል። ቡፌው አንድ ካሬ። ሰባት ካሬ፣ የሳሎኑ እኩሌታ። ቡፌው ውስጥ ሻይ ተጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የአምስታችን ጥቁር ካባ የለበስንበት ፎቶ። ሶፋው በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ በገመድ በበረንዳ ነው የተጎተተው፤ ጫኝና አውራጆቹ ለዚህ ብቻ የተከፈላቸው ሰባቱን ማዳበሪያ አሥር ጊዜ ሽቅብና ቁልቁል ያመላልስ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ይሄ ሶፋ ምን ይሠራል?» አላለም። ካርቶን አልተደረደረለትም። በእጁ ይዞ ደስታውን የጠየቀው የለም።

ቡፌና ሶፋ በእኛ ቤት ከክርክር በላይ ናቸው፣ ለእንግዳ ናቸውና። በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ ሰው የቤቱን ግማሽ ይዘን እንጠብቃለን፤ በየቀኑ ጠዋት ተነስታ ለምትሠራ ሴት ግን አንድ ቁምሳጥን በዛባት። በዚህች ከተማ ቤት የሚያጣብበው ከምን እንደሆነ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ አልልበትም። አባቴ ሹፌር ነበር። የመፍቻ ሳጥኑን ታላቅ ወንድሜ ወሰደው። ወንድሜ መኪና የለውም፣ ቢኖረውም ጎማ ከጋራዥ ውጭ አይቀይርም። ግን ወሰደው፣ ማንም ምንም አላለውም፣ እኔም አላልኩም፤ የአባት ዕቃ ነው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ የማይሠራበት ሰው መፍቻ መታሰቢያ ተባለ፣ ቁጭ ብላ የምትጠልፍ ሴት መርፌ ኮተት።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። አማርኛችን «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ ይጠቀምበታል። ስለ ሐኪም ወይም ስለ መሐንዲስ ሲሆን ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ስለ ሴት ሲሆን ወጧ የሚጣፍጥ፣ እጇ የማያርፍ ማለት ነው፤ ምስጋና አለው፣ ክፍያ የለውም። የመጀመሪያ ላፕቶፔ የተገዛው በስድስት ሚዜ ቀሚስ ጥልፍ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ያ ሥራ «እማዬ ጊዜ ስታገኝ የምትነካካው» ነው የሚባለው። እጅን መናቅ ደግሞ ዛሬ የጀመርነው አይደለም፤ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ የከፋ ነበር። አሁን ስድቡ ቀርቷል፣ ኢንስታግራም ላይ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰን «ባህላችን» እንላለን። ቀሚሱ ባህል፣ የተሠራበት ክፍል ኮተት።

ኮንዶሚኒየሙም ከዚህ አስተሳሰብ አልወጣም። በየግቢው የጋራ መገልገያ ተብሎ የተሠራ ቤት አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስና ሐዘን የሚስተናገድበት። ከንድፉ በስተጀርባ «ይህ ሰው ፎቅ ላይ በግ የት ያርዳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳለ ያስታውቃል። እግዜር ይስጠው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ይህች ሴት አክርማዋን የት ታርሳለች፣ አለላዋን የት ታሰጣለች?» ብሎ የጠየቀ ግን አይታይም። እናቴ በገባች በሁለተኛው ሳምንት አለላ የደረጃው መደገፊያ ላይ አሰጣች። ኮሚቴው መጥቶ «እማማ፣ እዚህ ዕቃ አይሰጣም» አላት። ቁልቁል ሁለት ፎቅ ወርዶ ምንጣፍ ተሰጥቷል።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ «እና ሁሉም ይቀመጥ ነው የምትይው? ዕቃ ማከማቸት የሚባል ሕመም የለም ወይ?» ይለኛል። አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ ራሱን የቻለ የምርመራ ስም ሰጥተውታል። የዚያ ሕመም ምልክት ዕቃውን መተው አለመቻል ነው፤ ዋጋ ይኑረው አይኑረው ሰውየው ከዕቃው መለየት ያስጨንቀዋል። እናቴ ግን መተው ትችላለች። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ የቀነሰችው እሷ ናት፤ ብቻ በእኛ ካርቶን አልቀነሰችም። እንዴት እንደቀነሰች ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ሦስት ሳምንት ጠየቀች። ሰርቪሷ ደጃፍ በርጩማ አስቀምጣ፣ ማዳበሪያውን አንድ በአንድ አስፈትታ ተቀመጠች። አክርማውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ታጥፈዋለች፤ ርሶም የሚሰበረው ወደ ጎን። ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ጆሮዋ አጠገብ ትስበዋለች፤ ጤነኛ ክር ሲበጠስ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው ዝም ብሎ ይለያያል። ብል የገባበትን ልቃቂት በዓይኗ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው ያወቀችው። ሦስቱ ሞሶቦች ጋ ስትደርስ አንዱን አገላብጣ «ይሄ የተጀመረው በተናደድኩ ጊዜ ነው፣ ጠብቆ ተጣሟል» አለችና ለጎረቤት ልጅ ለመማሪያ ሰጠችው።

ትልቁን ውሳኔ የወሰነችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። መዳመጫው ላይ እጇን አሳርፋ ቆየችና «ከእንግዲህ አልዳምጥም፤ ትከሻዬ አይችልም። ባዘቶ እገዛለሁ» አለች። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ድንጋዩ ወጣ፣ ብረቱ ወጣ፣ ደጋኑ ወጣ፣ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ወጣ፣ የተዳመጠውም ተከተለ፤ አንድ ሙሉ ሰንሰለት። መፍተሉን ግን አልተወችም፤ እንዝርት ኪስ ውስጥ ይገባል። ስፌቱን ቀነሰችው፤ ከእንግዲህ ትልልቅ ሞሶብ አትጀምርም፣ ትንንሽ ሰፌድና መክደኛ ብቻ። ስለዚህ ስንደዶው ግማሹ ወጣ። ጥልፉ ሙሉ በሙሉ ቀረ፤ ዓይኗ ገና ደህና ነው፣ ክር ቦታ አይፈጅም፣ ገንዘቡም ያለው እሱ ላይ ነው።

አያችሁ፣ የቀነሰችው ሥራን ነው፤ ዕቃው ሥራውን ተከትሎ ወጣ። የትኛው ቪዲዮ ላይ ነው ይህ ያለው? ዕቃ በዕቃ እየያዝን «ይቅር? ይሂድ?» ብንል ኖሮ ደጋኑን በጌጥነት አስቀርተን (ግድግዳ ላይ ያምራል፣ እህቴ ጠይቃው ነበር) የጥልፍ ቁርጥራጩን እንጥል ነበር። መዳመጥ ሳይኖር ደጋን ምን ይሠራል? ቁርጥራጭ ሳይኖር ደግሞ ጥገና አይኖርም። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም በርጩማው ላይ ቁጭ ብሏል።

የወጣውም ነገር ቆሻሻ ገንዳ አላየም። መዳመጫው ከነደጋኑ ስታስተምራት ወደነበረችው ሴት ሄደ። ስንደዶው ለሁለት ጎረቤት ተከፈለ። ያረጀው የተዳመጠ ጥጥ ትራስ ሆነ። የእኛ አሮጌ ልብስና ጫማ ለልዋጭ ተሰጥቶ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ መጣ። ብረታ ብረቱን ቁራሌው ወሰደው፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ ገብቶ የሆነ ሰው ምድጃ ይሆናል። «ቁራሌው!» የሚለውን ድምፅ እየሰማ ያደገ ትውልድ ዕቃ ማሰናበትን ከኔትፍሊክስ መማሩ ትንሽ አያሳፍርም? ቪዲዮዎቹ ላይ የምታዩት ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ፣ ተሞልቶ ከበር ውጭ የሚደረደረው፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ አይታይም። እናቴ ግን የሰጠችው እያንዳንዱ ነገር አሁን የት እንዳለ ልትነግራችሁ ትችላለች።

ሰባቱ ማዳበሪያ አራት ሆኑ። ሳጥኑ እንዳለ መጣ፣ ሲንጀሩም። ሲንጀሩ ያለው መኝታ ቤት መስኮቱ ሥር ነው፣ አልጋው በግድግዳ ተጠግቶለት። ማዳበሪያዎቹ ግን እስካሁን በረንዳ ላይ ናቸው፣ በላስቲክ ተሸፍነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ማታ ተነስታ ታያቸዋለች። ሳሎን ቦታ የለማ።

ስለዚህ ሶፋው ይሸጥ ነው የምለው። በምትኩ ሁለት ዱካ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ግድግዳው ሙሉ። ልኬቱን ሠርቼ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሦስት ካሬ ተኩል ወለል ነጻ ይሆናል፣ ጠልፋ የምትቀመጥበት ብርሃን ያለው ጥግም ይገኛል። ሁለቱ ተስማምተዋል፣ እህቴ እያሰበችበት ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን «አንቺ፣ ለቅሶ ቢመጣ ሰው የት ሊቀመጥ ነው?» ብሎ መለሰልኝ።

እናቴ በገባች በወሩ የብሎኩ ዕድር አባል ሆናለች። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ 150 ወንበርም አለው።